ከሰማይ ያልታየው የአባባ በራሶ ቤት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018፣ ዲላ

ዛሬ የፕላን ኮሚቴያችን ለመብራት ማጠራቀሚያ ባትሪዎች የመረጠውን «ሰው አልባ መሬት» ልናይ በክብር ወጣን። ገና ስንገባ ሰው አልባው መሬት ላይ ውሻ ጮኸብን። ቀጥሎ አባባ በራሶ ከእንሰቱ መሃል ብቅ ብለው «ግቡ፣ ቤት ለእንግዳ!» አሉን።

ሰብሳቢያችን በድሮን የተነሳውን ፎቶ ዘረጋ። እዚህ አገር ቤት የሚሠራው ዛፍና እንሰት ሥር ስለሆነ ፎቶው ላይ ጫካ እንጂ ጣሪያ የለም።

«አባባ፣ እርስዎ እዚህ ላይ የሉም» አላቸው፣ እንደ መርዶ ነጋሪ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ቡና ማን ለቀመው?»

ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም።

«ባትሪው እሳት ይነሳበታል ይላሉ፤ የልጅ ልጆቼ የሚተኙት እዚሁ ነው። ምን ላድርግ ልጄ?»

«ሐሙስ ድሮኑ ይመለሳል። ያኔ ቤቱ ከታየ ቦታው ይቀየራል።»

አባባ በራሶ አባታቸው የተከሉትን፣ ጣሪያቸውን የሸፈነውን ዋንዛ ቀና ብለው አዩት። እኔ «አይቁረጡት፣ ቤቱን በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ እፈርማለሁ» ልል አፌን ከፈትኩ። ሰብሳቢው ዞሮ ሲያየኝ አዛጋሁበት።

መኪናው ጋ ሳንደርስ የመጥረቢያ ድምፅ ተሰማ።

«ተባባሪ ሕዝብ ነው» አለ ሰብሳቢው።