ፌርማታዋ አትዘለልም

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ መጋቢት 9

ለችኩሏ ልጄ፣

እንዴት ነሽልኝ የኔ ዓለም? ብርዱ ትንሽ ለቀቅ አደረገሽ? ጓንት የሚደረገው እጅ ላይ እንጂ ኪስ ውስጥ አይደለም፤ የፒያኖ ተጫዋች ጣት በየሱቁ አይሸጥም።

መልእክትሽ ሲደርሰኝ ክው ነው ያልኩት። «እማዬ፣ ቁርጡን ቶሎ ላኪልኝ» ብለሽ የለ? ማን ነገራት ብዬ አባትሽን ገላመጥኩት። እሱ ምስኪን «ኧረ እኔ ትንፍሽ አላልኩም!» ብሎ ማለ። ስረጋጋ ከታች ያለውን አነበብኩት፤ ለካ የጠየቅሽኝ የተቆረጠውን ኮንቼርቶ ኖሯል! የውድድሩ ሰዎች ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ካለፈ ደወል ደውለው ያስነሳሉ አልሽ፤ የእኛው ደግሞ ሃያን ያልፋል። በዚያ ላይ፣ ኦርኬስትራ ስለሌለ፣ እንደ ልጅነትሽ ሁለተኛው ፒያኖ ላይ ተቀምጬ የኦርኬስትራውን ድርሻ እንድጫወትልሽ ትኬት ቆርጠሽ ልከሻል። ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ትኬቱን እያየሁ መቁረጥ ላይ ነኝ።

የኖታውን ኮፒ ሳሎን ወለል ላይ ዘርግቼ መቀስ አነሳሁ። አባትሽ የወጥ ቤቱን ሰዓት ከግድግዳ አውርዶ ጭኑ ላይ አድርጎ አጠገቤ ቁጭ አለ። መጀመሪያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ለምን ፈጠን አድርጋ አትጫወተውም?» ዕድሜ ልኩን አውቶቡስ የነዳ ሰው! «አንተ ሰዓት ሲያልፍብህ መኪናውን ታበርረው ነበር?» ብለው፣ «የለም እሜቴ፣ ሰው የሌለበትን ፌርማታ እዘላለሁ እንጂ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ዘዴውም እሱው ነው።

መጀመሪያ የቆረጥኩት መግቢያውን ነው፣ አንቺ እጅሽን ጭንሽ ላይ አድርገሽ እኔ ብቻዬን የምጫወትበትን። ዳኞቹ ሊሰሙ የሚመጡት አንቺን እንጂ እኔን አይደለም። ቢሆንም መቀሱን ሁለት ጊዜ አስቀምጬ ነው ያነሳሁት፤ እግርሽ ፔዳሉ ላይ ሳይደርስ ጀምሮ ያንን እየሰማሽ ነው ተራሽን የጠበቅሽው። ቀጥሎ ሁለት ጊዜ ከሚመጣው ዜማ አንዱን አነሳሁ። ተሰብሮ እንዳይሰማ መገጣጠሚያው ላይ ከራሴ ትንሽ ድልድይ ጻፍኩለት፤ ስፌቱን ካገኘሽው ጎበዝ ነሽ።

ከመጨረሻው በፊት ሁለታችንም እጃችንን አንስተን ዝም የምንልባት ቦታ ትዝ ትልሻለች? ከላይዋ ግማሽ ክብና ነጥብ ያላት? አባትሽ «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አለኝ። «ፌርማታ ናት» አልኩት፤ በሙዚቃም ስሟ እሱ ነው፣ ልባችሁ እስኪፈቅድ ቁሙ ማለት። «ታዲያ ሰው ከሌለባት ዝለያት!» ብሎ መቀሱን አቀበለኝ። በጣም ሳቅኩ። እየሳቅኩ ሳለ እንባዬ መጣ።

«ሰው አለባት» አልኩት። እሱም መቀሱን ከእጄ ወስዶ ኪሱ ከተተ።

አሁን ወደ ሌላው ቁርጥ ልምጣ። መቼም የሁለተኛውን ፒያኖ ገጽ ስታዪ ትደርሺበታለሽ፤ የቀኝ እጁ መስመር ባዶ ነው። ካለፈው ክረምት ወዲህ የቀኝ ጣቶቼ አልታዘዝ ብለውኛል። ጽሕፈቴ የተንጋደደው በግራዬ ስለምጽፍ ነው። በስልክ ልነግርሽ ስል ደግሞ ድምፅሽን ስሰማ ደስ ይለኝና እተወዋለሁ። ሐኪሙ ነርቭ ነው ይላል። «ይመለስልኛል?» ብዬ ስጠይቀው መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ። አትደንግጪ፤ ተማሪዎቼ አሉ፣ አፌም አልሰነፈም። ሽንኩርት የሚከትፈው አባትሽ ነው፤ ስለ ሽንኩርቱ ባናነሳ ይሻላል።

ከኔ ድርሻ የቀረውን በሙሉ ለግራ እጅ አዛውሬዋለሁ። ጠዋት ማታ እለማመዳለሁ፤ ከታች ያለው ጎረቤታችን ምስክሬ ነው፣ ዜማውን ደረጃው ላይ እያፏጨ መውረድ ጀምሯል። ሌላ አጃቢ ልፈልግ ካልሽ ግን አልቀየምሽም። ውድድሩ ያንቺ ነው፤ ስንት ዓመት የለፋሽበትን በኔ እጅ እንዳታጪው። ልምጣ ወይስ ልቅር? ያንቺንም ቁርጥ ላኪልኝ።

ነይ ካልሽኝ አንድ ነገር ብቻ እወቂ። ከፌርማታዋ በኋላ አብረን የምንገባበት ድምፅ ፒያኖው ቀኝ ጫፍ ላይ ስለሆነ ለግራ እጅ ሩቅ ነው፤ እዚያ እስክደርስ ትንሽ እቆያለሁ። አባትሽ በሰዓቱ ለክቶታል፤ እሷን ጨምረንም ደወሉ አይደርስብንም። ለዚህ ነው ሌላውን ሁሉ ቆርጬ እሷን ያልነካኋት። ልጅ ሳለሽ እዚያ ስትደርሺ ቀድመሽኝ ትገቢና «እማዬ፣ ነይ እንጂ!» እያልሽ ትቆጪኝ ነበር።

ፈጣሪ ጣቶችሽን ይጠብቅልኝ፤ ከኔ የጎደለውን ላንቺ ይጨምርልሽ። ናፍቀሽኛል፣ በጣም። ቀድመሽኝ እንዳትገቢ ልጄ። ፌርማታዋ ላይ ቆመሽ ጠብቂኝ።

እናትሽ