ስሟን አላውቀውም ያልሽ ዕለት

ለጡት እናቴ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። አማን ነሽ ወይ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ያ የሐኪም ጋራ ዳገት አሁንም ያማርርሻል ወይስ ባጃጅ መያዝ ለመድሽ? ዓይንሽስ? መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃተኝ ብለሽኝ ነበር፤ ተሻለው? ዶሮዎችሽ፣ ጓሮሽ፣ ያቺ ነገረኛ ጎረቤትሽ ሁሉም ደኅና ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ልጄም ደኅና ናት፤ ትጠባለች፣ ትተኛለች፣ ትጮኻለች።

ሰላምታው እዚህ ላይ አለቀ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ቁጣ ነውና መነጽርሽን አድርገሽ ተቀመጪ።

በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። አንቺ ግን ነገር ሲከብድሽ ኔትወርክ ተቆራረጠ ብለሽ ትዘጊዋለሽ፤ እኔ ደግሞ አንዴ ከጀመርኩ ማልቀሴ አይቀርም። ደጅሽ ድረስ መጥቼ እንዳልጮህ አራስ ነኝ። አርባ ሳይሞላኝ ከዚህች ጓዳ ብወጣ አማቴ ከነሰፈሩ ይከተሉኛል። ስለዚህ ጻፍኩ። ደብዳቤውን ይዞልሽ የሚመጣው ዐብዱልዋሲዕ ነው። ባሌ ነው ብለሽ ሻይ እንዳታፈዪለት። ምክንያቱን ታነቢዋለሽ።

በስሟ የተስማማነው ገና ሳትወለድ ነበር። ሴት ከሆነች ገላነሽ ትባላለች አልኩት። ዐብዱልዋሲዕ ትንሽ አሰበና በጁገል ግንብ ውስጥ እንዲህ የምትባል ሴት ሰምቼ አላውቅም አለ። የጡት እህቴ ስም ነው፤ እናቴ ከምላት ሴት የተወለደችው፣ ሳላያት የሞተችው ልጅ ስም ነው አልኩት። ያን ጊዜ ፊቱ ልክ አልነበረም፤ እኔ ግን አላስተዋልኩትም። እሺ፣ እናቴን እኔ አሳምናታለሁ አለኝ። እናቱን ሊያሳምን! ገና ስሙን ከአፉ ሲያወጣ ምን አልክ ቢሉት ምንም አላቸው። የማሳመኑ ሥራ በዚሁ ተጠናቀቀ።

አማቴ ክፉ ሴት አይደሉም፤ ይህን አስቀድሜ ልበልላቸው። በምጤ ጊዜ እጄን አልለቀቁም። ስሙን ሲሰሙ ግን ቤቱ ጠበበን። ገላነሽ የሰው ስም ነው የሳሙና አሉ። ለሠርጉም ለልቅሶውም አብረውን የሚቆሙት የአፎቻ ሴቶች ምን ይላሉ፣ ልጅቷ ቁርኣን ቤት ስትገባ ልጆቹ ምን ይሏታል አሉ። የእሳቸው ምርጫ ዓቢር ነው። ዓቢር ክፉ ስም አይደለም፤ ግን በኛ መንገድ ላይ ቆመሽ ዓቢር ብለሽ ብትጣሪ ከየበሩ አንዳንድ ልጅ ብቅ ይላል። እኔ ደግሞ አንድ ስም ነበር የፈለግኩት፤ ማንም የማይጠራውን ስም።

ነገሩ ሲካረር ሸኽ ዘከሪያ ተጠየቁ። ትርጉሙ ክፉ ካልሆነ፣ በአላህ የማጋራት ሺርክም ከሌለበት ክልክል አይደለም አሉ። የጡት ዝምድና ሐቁ ከባድ ነው ብለውም ጨመሩልኝ። እኔ አሸነፍኩ ብዬ እግሬን ዘርግቼ ተኛሁ። አማቴ በሸሪዓው ሲሸነፉ ምን አደረጉ መሰለሽ? ሻሻቸውን አሰሩ፣ አክስቴን ናፊያን አስከተሉ፣ ከሸዋ በር ባጃጅ ተሳፍረው አንቺ ዘንድ ወጡ። የስሙ ባለቤት ፈቅዳ እንደሆነ ከራሷ አፍ ልስማ ብለው ነው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። ይሂዱ፣ ይጠይቋት አልኩ። እሷ ታለቅሳለች፣ ትመርቃለች፣ እሳቸውም ልባቸው ይራራል ብዬ ተማመንኩ።

አንቺ ግን ምን አልሽ? ያንን ስም አላውቀውም አልሽ። በኔ ቤት እንዲህ የምትባል ሰው ኖራ አታውቅም፣ የወደዳችሁትን አውጡላት አልሽ። ከዚያ ሻይ ላፍላ ብለሽ ወደ ጓሮ ዞርሽ፤ በዚያው ቀረሽ። አክስቴ እንደነገረችኝ ጠብቀው ጠብቀው ሲያቅታቸው በሩን ራሳቸው መልሰው ወጡ። እንግዳ ሳትሸኚ የቀረሽው በዕድሜሽ ያን ቀን ብቻ ይሆናል።

አላውቀውም! አምጠሽ የወለድሻትን!

በሰባተኛው ቀን በጉ ታረደ፤ ልጄም ዓቢር ተባለች። ልከራከር ብል ያንቺ ቃል አፌን ዘጋው። የወለደቻት አላውቀውም ካለች አንቺ ምን ቤት ነሽ አሉኝ። የአፎቻ ሴቶች መደቡን ሞልተው እልል ሲሉ እኔ ጓዳ ውስጥ ትራስ ነክሼ ነበር። አንቺም አልመጣሽም። ከሴቶቹ መሐል ስፌተኛዋ እናትሽ የት አለች ብለው የጠየቁኝ ነበሩ። አሟታል አልኳቸው። ስላንቺ ዋሸሁ፤ እየተናደድኩብሽም ዋሸሁልሽ።

ስሙን ከየት አመጣሽው ትይኝ ይሆናል። ካንቺ ነው ያገኘሁት። ልጅ ሆኜ ኩፍኝ ይዞኝ ያንቺ ቤት ተኝቼ ሳለ፣ ግንባሬን በእርጥብ ጨርቅ እያበስሽ ገላነሽ፣ ገላነሽዬ ትይኝ ነበር። ሲሻለኝ ማናት ብዬ ብጠይቅሽ የጎረቤት ልጅ ናት አልሽ። ካደግኩ በኋላ እውነቱን የነገሩኝ የድሮ ጎረቤትሽ እትዬ ወለተሥላሴ ናቸው። ልጅሽ እንደነበረች፣ ክርስትና ሳትነሣ በጨቅላነቷ እንደሞተች ነገሩኝ። ስለዚህ ከዚያ ሌላ ስም የላትም ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያንም የለችም፣ በቀበሌም የለችም፣ ያለችው በዚያ ስም ውስጥ ብቻ ነው።

የቀረውን እኔው ራሴ ቀጣጠልኩት። እናቴ እኔን ወልዳ ሞተች። አንቺ ልጅሽ ሞታብሽ ጡትሽ ሞልቶ ነበር። አባቴ፣ አላህ ይዘንለት፣ በጨርቅ ጠቅልሎኝ መኪና ግርግር፣ ልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ላይ፣ ስፌት ቤትሽ ድረስ መጣና ከእግርሽ ሥር ቁጭ አለ። የሷ የነበረው ወተት የኔ ሆነ። ሰውም ሁሉ እንዲሁ ነበር የሚያወራልኝ። ይህን ታሪክ ወድጄው ነው የኖርኩት። የሷን ትራፊ ጠጥቼ አድጌ፣ ስሟን እንኳ የሚጠራላት መጥፋቱ ነበር የሚቆጨኝ።

ከስሙ ቀን በኋላ ከአማቴ ጋር ተጣላን። ያልኳቸውን አልደግምልሽም፤ ከአራስ አፍ የሚወጣ አልነበረም። እሳቸውም ተቆጡ። ያቺን ሴት በቁስሏ ላይ ጨው አትነስንሺባት አሉኝ። ያኔ እኛው የሰፈሩ ሴቶች ሄደን፣ አንድ ጡት ለሁለት አይበቃም፣ ይህቺን የሰው ልጅ ለሌላ ስጪ ብለን ለምነናት ነበር አሉ።

ቃሉ አምልጧቸው ነበር። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ወደ አክስቴ ብዞር አክስቴ ምንጣፉን ታያለች። ዐብዱልዋሲዕ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ እሱም ከናቱ ሰምቶ ያውቅ ኖሯል። ሁሉም ያውቃል። ጊደር መጋላ ገበያ በርበሬ የምትሸጠዋም ሳታውቀው አትቀርም። እኔ ብቻ ነኝ ያላወቅኩት። እኔ ወዳንቺ ስመጣ ገላነሽ ገና በሕይወት ነበረች።

ልጄን ጡቴ ላይ ይዣት ነበር። ጠግባ ወተቱ በአገጯ ይወርድ ነበር። ጠረግኩላትና አስተኛኋት። ከዚያ በኋላ ምን ምን እንዳሰብኩ አልጽፍልሽም። አንቺ ከኔ በፊት አስበሽዋል፤ ስንት ዓመት ሙሉ።

አሁን ልቆጣ። ማን ፈቀደልሽ? ሌሎች እናቶች ሴት ልጆቻቸውን ጡቴን መጥምጠሽ ጨረስሽኝ እያሉ ሲቀልዱ ሰምቻለሁ። አንቺ አንድ ቀን እንኳ አላልሽኝም። ጨዋ ስለሆንሽ ይመስለኝ ነበር! የኔን ሥጋ ከሙስሊም ሉካንዳ እየገዛሽ፣ ድስቴን ከድስትሽ ለይተሽ፣ የዒድ ቀሚሴን በገዛ እጅሽ ሰፍተሽ አሳደግሽኝ። ጎረቤቶችሽ ሲያሙሽ አልፈራሽም፣ የኛ ሰዎች በክፉ ዓይን ሲያዩሽ አልፈራሽም። አማቴን ፈራሽ ብዬ አላምንም። የሞተ ሕፃን ስም ለሕፃን ሟርት ነው ብለሽም አይደለም። እኔን ነው የፈራሽው። ስሙ ከተነሣ ጥያቄ ይነሣል፣ ጥያቄ ከተነሣ ይህቺ ልጅ ትሰማለች ብለሽ ነው። ለኔ ብለሽ መሆኑን አውቃለሁ። ስላወቅኩትም ነው እንዲህ የተቃጠልኩት። ለኔ ተብሎ ከሷ የሚወሰድ ነገር ከእንግዲህ ይብቃ! ስሟን እንኳ ተይላት።

አማቴ ከጠቡ በኋላ ሾርባ ይዘው ራሳቸው መጡ። ሾርባውን እስክጨርስ ከአጠገቤ ተቀመጡ። ከዚያም በአርባዬ ቀን ያቺ ሴት መጥታ፣ ልጅቷን ታቅፋ፣ በሰው ፊት በዚያ ስም ከጠራቻት እኔ ሁለተኛ ዓቢር አልላትም አሉ። የአፎቻ ሴቶችንም ዝም የማሰኘው እኔ ነኝ አሉ። ካልመጣች ግን የሰው ሐዘን በግድ አይከፈትምና ነገሩ እዚህ ላይ ይዘጋ አሉኝ። ፍርዱ ትክክል መሰለኝ። እሺ አልኩ።

ስለዚህ ነገሩ ያለው አንቺ እጅ ነው። ካልመጣሽ ዓቢር ሆና ታድጋለች። መልካም ልጅ ትሆናለች ኢንሻአላህ፤ አንቺም ብትሆኚ ትወጃታለሽ። ገላነሽ ግን ከዚያ በኋላ የሚጠራት የለም፤ እኔም አልጠራትም። ለወለደቻት ያልሆነ ስም ለኔም አይሆንም። እስካሁን ልጄን በምንም ስም አልጠራኋትም። አንቺ ነው የምላት። አንቺ ነይ፣ አንቺ ጥቢ፣ አንቺ ተኚ። ሰው ስም ያጣ ልጅ ታቅፋለች ብሎ ይስቅብኛል። ይሳቅ።

እንድትመጪ አልለምንሽም። ልመና ያንቺና የኔ ጠባይ አይደለም። ነይ ነው የምልሽ። ጉልበቴ ብትዪ ዐብዱልዋሲዕ ደግፎ ያመጣሻል፤ ለዚህ እንኳ ይጠቅማል። ዓይኔ ብትዪ እኔ እመራሻለሁ። የሚያለቅስ ሰው በአርባ ቀን ቤት ውስጥ ነውር ነው እንዳትዪኝ፤ ጓዳው ለሁለታችን ይበቃል። ከመደቡ ከፍ ያለው ቦታ ላይ፣ እናቴ ብትኖር በምትቀመጥበት ትቀመጫለሽ። ከዚያ አስነሥቶሽ የሚቀመጥ ካለ አየዋለሁ።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። አንቺ የምትጠሪያት እመቤትም ካጠገብሽ አትለይ። እጅሽን አይንሣኝ፣ ጓሮሽን ያለምልመው፣ በክፉ የሚያይሽን ዓይን ያርቅልሽ። እኔም ተቆጥቼ የጻፍኩትን ተቆጥተሽ አታንብቢብኝ። አንብበሽ ስትጨርሺ እጥፍ አድርገሽ አስቀምጪውና የምትለብሺውን ልብስ አውጪ።

የጡት ልጅሽ፣
የገላነሽ እህት፤
አንቺ ከመጣሽም፣ የገላነሽ እናት።