ብረት አይጠብም

ማክሰኞ

ገዛሁት! በአርባ አራት ዓመቴ የውድድር ሳይክል ገዛሁ። ጥቁር ነው፤ ጎማው ቀጭን፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ የታጠፈ። ሻጩ "ጋሼ፣ ለልጅዎ ነው?" አለኝ። ከአንዋር መስጊድ በታች ካለው ሱቅ እስከ ስፌት ቤቴ ድረስ እየገፋሁ አመጣሁት፤ በዚያ ሕዝብ መሃል ማን ይነዳል?

ሁለት ነበር ያቀረበልኝ፣ ትንሽና ትልቅ፤ ዋጋቸው እኩል። ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ እግሬንም ክንዴንም ለካሁ። ትንሹ ልኬ ነው። ያነሳሁት ግን ትልቁን ነው። እጄ የለመደው ነገር ነው፤ ሰፊ ልብስ ይጠባል፣ ጠባብ ልብስ ግን ጨርቅ ከየት ያመጣል? ለደንበኛ ሁሉ ሁለት ጣት ትርፍ እተዋለሁ፤ ለራሴም ተውኩ።

አባቴ እንደ ልማዱ የስፌት ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ ነበር። (ፊት ለፊት "እርስዎ" እለዋለሁ። እዚህ ግን ማክበር አይሆንልኝም።)

"የማን ነው?"

"የእኔ።"

ሌላ አልጠየቀም። እንዴት ይጠይቃል? በአሥራ ሰባት ዓመቴ ለሳይክል ቡድን ተመርጬ ነበር። በሳምንቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሳይክሌ ከግድግዳው ሥር የለም። ሸጦታል። "ከነገ ጀምሮ መኪናው ላይ ትቀመጣለህ" አለኝ፣ የስፌት መኪናውን እያሳየ። እስከ ዛሬ እዚያው ነኝ።

ረቡዕ

ገበያው ሳይነሳ፣ ገና ሲነጋ፣ በጭድ ተራ ወጥቼ ወደ አማኑኤል ነዳሁ። ደስታው አሥር ደቂቃ ቆየ። ከዚያ በኋላ፦ ወገቤ። አንገቴ። ትከሻዬ። መቀመጫዬ (ስለሱ አልጽፍም)። መሪው ሩቅ ነው፤ እንደ ተሰጣ አንሶላ ተዘርግቼ ነው የምነዳው።

የኮርቻው አፍንጫ ስለወጋኝ ብሎኑን ፈትቼ ወደ ታች ደፋሁት። ተሻለኝ። ብልህ ነኝ ብዬ ራሴን አመሰገንኩ።

ሐሙስ

ዛሬም ነዳሁ። ከወረድኩ በኋላ የግራ እጄ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣቴ የኔ አይመስሉም። ይለቀኛል ብዬ ሥራ ጀመርኩ። ለቅዳሜ የሚደርስ የሙሽራ ኮት አለብኝ፤ ገበሩን በእጅ ስሰፋ መርፌው ጣቴ ውስጥ ገብቶ አልተሰማኝም። ያወቅኩት ነጩ ገበር ሲቀላ ነው።

ፈራሁ። እንጀራዬ እጄ ናት። ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም፤ እንዳላውቅ ያደረገኝ ደግሞ እዚያ በሩ ላይ ተቀምጦ መቁጠሪያውን ይቆጥራል።

አይቶኛል ለካ። "ወይ እጅህን ወይ ብረቱን" አለኝ። የፊተኛውን ባይሸጡብኝ ኖሮ ይሄ አያምረኝም ነበር ልለው ነበር። ገበሩን በአዲስ ቀየርኩ።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ፣ የሰጋጁ ሕዝብ ሲበተን ጠብቄ፣ ሳይክሉን እየገፋሁ ወደ ሻጩ ሄድኩ። ሰፍቶኛል፣ በትንሹ ለውጥልኝ አልኩት።

"ጋሼ፣ የተነዳ እኮ አይመለስም። ደግሞ ሰፋኝ ይላሉ፣ ሱሪ መሰለዎት እንዴ?"

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። ከሁሉ ያበገነኝ እውነቱን መሆኑ ነው። ብረት አይጠብም። ይሄን ለማወቅ ልብስ ሰፊ መሆን አያስፈልግም፤ ላለማወቅ ግን ያስፈልጋል።

ልሸጠው ነው። አባትም ሸጠ፣ ልጅም ይሸጣል።

ቅዳሜ

ኮቱን አስረከብኩ፤ ሙሽራው ወደደው። አልሐምዱሊላህ።

ከዚያ ገዥ ካወቀ ብዬ ሳይክል ጠጋኙን ሸምሱን አማከርኩት። ሳቀብኝና "ቆይ፣ ሳላየው አትሽጥ" አለ። ከሰዓት በኋላ መፍቻዎቹን ይዞ ስፌት ቤቴ ድረስ መጣ። ብረቱን ማሳነስ አይቻልም፤ መሪውን የሚይዘው አንገት ግን በአጭር ይቀየራል፣ ያኔ መሪው ይቀርብሃል አለኝ። ቀየረው። "በል ውጣበት፣ ልይህ። አንድ ሰው ይያዝልኝ።"

ከጎኔ ማን አለ? አባቴ ተነሳ። የፊት ጎማውን በጉልበቶቹ መሃል ይዞ ቆመና ልብስ ሲያስለካ እንደኖረ ሰው ከላይ እስከ ታች አየኝ።

"ትከሻህ ጆሮህ ጋ ደርሷል። ኮት ቢሆን እንዲህ ታስረክባለህ?"

"አላስረክብም።"

"ሸምሱ፣ ኮርቻው አፍንጫው ተደፍቷል። ወደ ፊት እየተንሸራተተ ነው፤ የቆመው በእጁ ነው። አቅናው።"

ሸምሱ አቀናው። ክርኔ ላላ አለ፣ መዳፌ ላይ የነበረው ሸክም ወደ መቀመጫዬ ሄደ። ተገርሞ "ጋሽ ሰዒድ፣ መካኒክ ነበሩ እንዴ?" ቢለው፣ "ልክ ያው ልክ ነው" አለና ጎማውን ለቀቀ። ወደ መቀመጫው ሲመለስ ደግሞ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ፣ "ያኛውም መሪው ይርቅህ ነበር" አለ።

ያኛውም! በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ስለ ሳይክሌ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነው። ስነዳ ያየኝ ነበር ማለት ነው። አይቶ፣ ማቅናት እንደሚቻል አውቆ፣ ሸጠው። ሸምሱን አመሰገንኩት፤ አባቴን ለማመስገን ግን ምላሴ እምቢ አለ።

እሑድ

ከአንድ ሰዓት በላይ ነዳሁ። አሥሩም ጣቶቼ ነበሩ። ወገቤ ትንሽ ያመኛል፣ እሱ የዕድሜ ነው።

ቤት ስገባ አባቴ ለብቻው ነበር። ላቤ ሳይደርቅ ጠየቅኩት። "ያኔ ለምን ሸጡብኝ?"

ቀኝ እጁን ዘረጋልኝ። አውራ ጣቱንና ጠቋሚውን ለመግጠም ሞከረ፤ አልገጠሙም፣ ተላለፉ።

"በዚያ ዓመት ነው ጣቶቼ የሞቱት። መርፌ መያዝ አቃተኝ። ለእናትህም አልነገርኩ። ሰው ቢሰማ ማን ጨርቅ ይሰጠኛል?"

እውነት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሲሰፋ አይቼው አላውቅም። ቆሞ ያዝዝ ነበር፤ እኔ ጌትነት መስሎኝ ስጠላው ኖሬያለሁ።

"ቢነግሩኝ እኮ ራሴ እሸጠው ነበር" አልኩት።

"ትሸጠው ነበር?"

በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ ለቡድን በተመረጥኩ ሳምንት፣ ለእናቴና ለአራት እህቶቼ ብዬ እሸጠው ነበር? አላውቅም። እሱም አላወቀም፤ ለዚህ ነው ሳይጠይቀኝ የሸጠው። ንዴቴ አሁንም አለ፣ አልወጣልኝም። ግን በማን ላይ እንደምናደድ ጠፋኝ።