ያስቀረሁት ካሴት

ይድረስ ለምወድሽ፣ ለማትረሺኝ ልጄ፤

ጤናሽን ከመጠየቄ በፊት ሆዴ ውስጥ የከረመውን ላውጣው፤ የሕፃናት መድኃኒት መጠን ያስተማርሽበትን ካሴት አስቀርቼዋለሁ። በየርቀት ትምህርት ማዕከሉ የሚዞረው አንድ ብቻ ነው። የእኛ ተማሪዎች ሰምተው ሲጨርሱ ወደ ቀጣዩ ማዕከል መላክ ነበረብኝ፤ አልላክሁም።

አሁን ልጠይቅሽ፤ እንደምን ከርመሻል? ያ ሳል ለቀቀሽ? ባልሽስ፣ ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጉልበቴና ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ።

የርቀት ትምህርት ማዕከሉን በር የምከፍተው፣ ቴፑን የማጫውተው እኔ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። ስለ ፋርማሲ የማውቀው እናትሽ ታማ በተመላለስኩበት መስኮት በኩል ያየሁትን ነው። በዚያ ካሴት ላይ ግን «የልጁ ክብደት ይኸው፤ ስንት ሚሊ ሊትር ትሰጡታላችሁ? አስሉት፣ እጠብቃችኋለሁ» ትይና ዝም ትያለሽ። ተማሪዎቹ ሲያሰሉ እኔ ትንፋሽሽን ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ እነሱ ሲወጡ እዚያው ቦታ ላይ እመልሰውና ወሬ አወራሻለሁ፤ ጣሪያው ማፍሰሱን፣ የእናትሽን መቃብር ሣር ማጨዴን። «ጨረሳችሁ?» ስትይ፣ ቆይ እንጂ አንቺ ልጅ፣ ምን ያስቸኩልሻል እልሻለሁ።

ትናንት ከቀጣዩ ማዕከል አንዲት ተማሪ መጣች፤ ክሊኒክ ውስጥ መድኃኒት ትሰጣለች። «ጋሼ፣ ካሴታችን መንገድ ላይ ትዳር ይዞ ቀረ እንዴ?» አለችኝ። ካሴቱን የሚያደርሰው መኪና ዘግይቶ ይሆናል ብዬ ዋሸሁ። ሳቋን ተወችና፣ ፈተናውስ ይቅር፣ ስሌቱን ከሞጁሉ ብቻ አንብቤ አልገባኝም፣ እናት ልጇን ታቅፋ ፊቴ ስትቆም እጄ ይፈራል አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት ለጸሎት ቆሜ «አባታችን ሆይ» ስል ያቺ ተማሪ ትዝ አለችኝ። ናፍቆት ብዬ ስም አወጣሁለት እንጂ፣ የያዝኩት የሰው ድርሻ ነው።

ባልሽን በርታ በይልኝ። ትልቋን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ትንሹን አያትህ ጉንጭህን ሊነክስ ነው በይው። አክስትሽ እንደ ልማዷ ከስታለች ወይ ትልሻለች። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊውም ሰላም ብሎሻል።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ አቁሜ ወጥቼ ነበር። በአውቶቡስ ተማሪዋ የምትሠራበት ክሊኒክ ድረስ ሄድኩ። መኪናው አልዘገየም፣ ያስቀረሁት እኔ ነኝ፣ አስተማሪዋ ልጄ ናት አልኳት። ካሴቱን እስከ መጀመሪያው አጠንጥኜ በእጇ ሰጠኋት።

አባትሽ
ከቤታችን በረንዳ፣ ኅዳር ፱ ቀን