ጋያ የተወ ሰው

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንዴት ሰነበትክ? ባለቤትህስ ደህና ናት? እኛ ከአባባ ሳል በቀር ደህና ነን። መጻፌን ቢሰሙ ይቆጡ ይሆናል፤ ይቆጡ!

እንደ እህት የምትቆጠረውን የመንደራችንን ልጅ አገባህ ተብሎ ሽማግሌዎቹ ጋያና ውሃ ከከለከሉህ፣ ከሰው ከለዩህ ወዲህ አባባ ስምህን አንስተው አያውቁም። ፍርዱን በአደባባይ የተናገሩትም እሳቸው አይደሉ? ዘንድሮ ግን ትንፋሽ አጥሯቸው ከጓሮ በር መድረስ አቃታቸው። ከተማ ወስጄ አስመረመርኳቸው። ሐኪሟ ሳንባቸው ክፉኛ መጎዳቱን ብትነግራቸው፣ «የጋያ ጭስ እኮ በውሃ ታጥቦ ነው የሚገባው» ብለው ተሟገቷት። «ውሃው ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያጥበውም አባቴ። የተበላው ሳንባ አይመለስም፤ የቀረውን እናትርፍ» አለቻቸው። እኔንም ለብቻ ጠርታ፣ አትጨቅጭቂያቸው፣ ዕቃውን ከዓይናቸው አርቂ፣ አምሮቱ ሲነሳባቸው ሄል ያኝኩ፣ አብረሻቸው ተራመጂ፣ አንድ ቀን ተሸንፈው ቢያጨሱም እንደገና ለመተው ይሞክሩ አለችኝ።

አባባን የከበዳቸው ግን አምሮቱ ብቻ አልነበረም። «ጋያ የማይቀበል የተባረረ ሰው ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሽማግሌዎቹ ጋያ የሚቀባበሉበት ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጋያው እሳቸውን አልፎ ሲዞር፣ አላፊ አግዳሚው «ምን አጥፍተው ይሆን?» ይል ጀመር። የልብ ጓደኛቸው አያ ዳርያውማ «አንተ ሰውዬ፣ በስተርጅና በሴት ልጅህ ትታዘዝ ጀመርክ?» እያሉ አበሸቋቸው። አንድ ቀን እልህ ይዟቸው ሳቡ። ወዲያው ሳሉ፣ ሳሉ፣ ፊታቸው ጠቁሮ አያ ዳርያው እግር ላይ ወደቁ። ወይኔ፣ የሞቱ መስሎኝ ነበር!

በማግስቱ አያ ዳርያው ጋያቸውን ቤታቸው ትተው፣ ሽምብራ ቆሎ በጨርቅ ቋጥረው መጡ። ሳይቀልዱ አብረዋቸው ዋሉ። ከዚያ ወዲህ አባባ ጋያ አልነኩም።

የዚያን ዕለት አያ ዳርያው እንደሄዱ አባባ፣ «ያ ልጅ ያኔ ብቻውን ሲቀመጥ ሆዱ እንዲህ ይባባ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ማንን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ወደ ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ።

ትናንት ጠዋት ጢማቸውን ተላጭተው፣ ንጹሕ ጥምጣም ጠምጥመው፣ «እግሬን ላፍታታ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ውሰጂኝ» አሉኝ። በየመንገዱ እየቆምን፣ ትንፋሽ እየሰበሰቡ ደረስን። አንተ ካለህበት ከደልሂ የመጣው አውቶቡስ የመጨረሻውን መንገደኛ እስኪያወርድ ንቅንቅ አልልም አሉ።

ዛሬም ሄድን።

አምላክ ለአንተም ለባለቤትህም ዕድሜና ሙሉ ትንፋሽ ይስጣችሁ።

የምትናፍቅህ ታናሽ እህትህ