ረትተው ይግባኝ ያሉት ወይዘሮ ዓመለወርቅ ጩማ
(1954–2017 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ዓመለወርቅ ጩማ ከአባታቸው ከአቶ ጩማ ጎዳናና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘነበች ዳና፣ በቀድሞው ሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት፣ በወላይታ አውራጃ፣ በሁምቦ ወረዳ፣ ከተበላ ገበያ የአንድ ሰዓት መንገድ በሚርቅ መንደር ሰኔ 12 ቀን 1954 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤተሰቡ ከሰባት ልጆች አራተኛ ነበሩ። እናታቸው «ይቺ ልጅ ከማህፀኔ የወጣችውም ተከራክራ ነው» ይሉ እንደነበር የሚያስታውሱ ዛሬም በዚህ ለቀስተኛ መካከል አሉ።

ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ የፍርድ ቤቱ ጉዳይ በዛሬው ቀን እንዳይነሣ በቅንነት የመከሩ ሽማግሌዎች ነበሩ። ሽማግሌ ይከበራል፤ ምክራቸውም ተሰምቷል። ነገር ግን የወይዘሮ ዓመለወርቅን ሕይወት ያለ ፍርድ ቤት መጻፍ የሁምቦን በጋ ያለ ሙቀት መጻፍ ነው። ደግሞም እርሳቸው ራሳቸው ከማረፋቸው ሁለት ሳምንት አስቀድመው፣ ይህን ታሪክ የጻፈችውን ልጃቸውን ሐመልማልን አስጠርተው «አንድ ነገር እንኳ ብትዘልዪ ተነሥቼ አነብባለሁ» ብለዋታል። የሚያውቋቸው ሰዎች ይህን ቃል እንደ ቀልድ አይወስዱትም። ስለዚህ ሁሉም ይነበባል።

ወይዘሮ ዓመለወርቅ በልጅነታቸው ትምህርት ቤት አልገቡም። ወንድሞቻቸው ተራ በተራ ሲላኩ ለእርሳቸው የደረሳቸው ጥጃ ማገድና ወፍጮ ነበር። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተበላ ሲደርስ ግን ማንንም ሳያስፈቅዱ ሄደው ከፊት ተቀመጡ። አስተማሪያቸው ከሶዶ ከተማ ተመድበው የመጡት የግብርና ሠራተኛ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ሰብስቤ ነበሩ። አቶ ሀብተጊዮርጊስ በመሥሪያ ቤታቸው ግቢ በተተከለው የዝናብ መለኪያ ጠዋት ጠዋት የወረደውን ዝናብ ለክተው በደብተር ይመዘግቡ ነበር፤ ፊደል የለዩ ተማሪዎቻቸውንም ያንኑ ደብተር እያስነበቡ ያለማምዱ ነበር። ወይዘሮ ዓመለወርቅ መጀመሪያ አንብበው የጨረሱት ዓረፍተ ነገር «ዛሬ ዝናብ የለም» የሚል ሲሆን፣ «ይህንንስ ሁምቦ ውስጥ ማን ያጣዋል?» ብለው መምህራቸውን ማሳቃቸው ይነገራል። ነገሩ ከዚያ ሳቅ ጀመረ።

ሽማግሌ ተልኮ፣ ጎሣ ተጠይቆ፣ ወጉ ሁሉ ተሟልቶ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ባለፈ ሰሞን መስከረም 23 ቀን 1974 ዓ.ም. በአባታቸው ቤት ተድረው አቶ ሀብተጊዮርጊስን አገቡ። የሙሽራው ቤተሰቦች ልጃቸው የከተማ ሰው በተክሊል እንዲያገቡ ይሹ ነበርና ከሶዶ አንድም ሰው አልመጣም። ተበላ ግን መጥቷል። በወላይታ ወግ ሙሽራ ከጫጉላዋ ስትወጣ ቅቤ ተቀብታ፣ አጊጣ፣ በገበያ ቀን ገበያ ትወጣለች። የምትወጣው ለመግዛት ሳይሆን ለመታየት ነው። ሕዝብ ያያታል፣ ይመርቃታል፤ ከዚያ ወዲያ የእገሌ ሚስት መሆኗን አላውቅም የሚል አይኖርም። ወይዘሮ ዓመለወርቅም በዚያው ዓመት ኅዳር 9 ቀን ተበላ ገበያ ወጥተዋል። ቅቤው ከአናታቸው ትከሻቸው ድረስ ወርዶ እንደነበር ያዩ ይመሰክራሉ።

በሐምሌ 1974 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጃቸው ፋና ተወለደች። በመጋቢት 1976 ዓ.ም. በኩፍኝ ዐርፋ ተበላ ተቀበረች። ወይዘሮ ዓመለወርቅ ስለዚህች ልጅ ብዙ አይናገሩም ነበር፤ ስንት ልጅ አለዎት ሲባሉ ግን ዕድሜ ልካቸውን «ሦስት» ብለው መልሰዋል። በዚያው ዓመት ነሐሴ ባለቤታቸው ወደ ሶዶ ሲዛወሩ ሁለቱ በቀበሌ መዝገብ ባልና ሚስት ተብለው ተመዘገቡ። በሶዶም ሐመልማልንና ታምራትን ወለዱ። ወይዘሮ ዓመለወርቅ በማታ ትምህርት እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማሩ ሲሆን፣ በችግኝ ጣቢያ ለሃያ ሦስት ዓመታት ሠርተዋል። በሁምቦ ተራሮች ላይ ከቆሙት ዛፎች ጥቂት የማይባሉት በልጅነታቸው በእርሳቸው እጅ ውኃ የጠጡ ናቸው።

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ጡረታ ሲወጡ ሁለቱ በቁርባን ለመጽናት ንስሐ አባታቸውን አማክረው ዝግጅት ጀምረው ነበር። ሕመሙ ቀደማቸው። አቶ ሀብተጊዮርጊስ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. ዐረፉ።

በቀብራቸው ዕለት የተነበበው የሕይወት ታሪክ በእህታቸው በወይዘሮ የትምወርቅ ሰብስቤ የተዘጋጀ ነበር። ትምህርታቸው ተነበበ፤ ሥራቸው ተነበበ፤ ከዚያም «የሁለት ልጆች አባት ነበሩ» ተብሎ ታለፈ። ልጆቹ ከሰማይ የወረዱ ይመስል እናት አልተጠራችም። ለሃያ ዘጠኝ ዓመታት አብረው የኖሩት ሚስት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከለቀስተኛው መካከል ቆመው ይህን ሰሙ። በዚያ ቀን እንባ አልወጣቸውም። የአርባው ተዝካር በወጣ ማግስት ግን ማመልከቻ አስጽፈው ፍርድ ቤት ገቡ። የጠየቁትም የሟች ሚስት ተብለው እንዲታወቁ ብቻ ነበር።

ወይዘሮ የትምወርቅ በበኩላቸው የጋብቻ የምስክር ወረቀት የለም፣ ተክሊልም ቁርባንም አልተፈጸመም፣ ወንድሜ ተበላ የሄደው ለሥራ እንጂ ለትዳር አይደለም ብለው ተከራከሩ። ከቀብሩ በኋላ ከወሰዱት የወንድማቸው ሣጥን ውስጥም ዘጠኝ የዝናብ ደብተሮች አወጡ። ሽፋናቸው ላይ የነጠላ ሠራተኛ መኖሪያ ክፍል ቁጥር ስላለ ወንደላጤ መሆናቸውን ያስረዳልኛል ብለው በማስረጃነት አስያዙ። ውስጡን የገለጠ አልነበረም። የዝናብ ደብተር ውስጡ ዝናብ ነው።

ለወይዘሮ ዓመለወርቅ ከመሰከሩት አንዷ የተበላዋ ቅቤ ነጋዴ ወይዘሮ ሳህሊቱ ነበሩ። ሚስት መሆናቸውን እንዴት እንዳወቁ ሲጠየቁ «ቅቤውን እኔ ነኝ የሸጠው። ዓመለወርቅ ገበያ ወጣ፣ ገበያው ሁሉ አየ። ከዚህ በላይ ምን ሚስት አለ?» ብለዋል። ዓመተ ምሕረቱን ሲጠየቁ ደግሞ «ድልድዩን ጎርፍ የበላው ክረምት ሲያልፍ ነው» አሉ። ዳኛውም ይህ በየትኛው የቀን መቁጠሪያ እንደሚገኝ ጠይቀው ችሎቱን አሳቁ።

ያ ችሎት «ያለ ጋብቻ እንደ ባልና ሚስት አብረው ኖረዋል እንጂ ጋብቻ አልነበረም፤ የንብረት መብታቸው ግን ይጠበቅላቸዋል» ሲል ወሰነ። ብዙ ሰው እንኳን ደስ ያለዎት አላቸው። እርሳቸው ግን «ንብረቱን ማን ጠየቀው? የጠየቅሁት ስሜን ነው። አልተጋባችሁም የሚለኝ ዳኛ ሠርጌ ላይ ነበር ወይ?» ብለው ይግባኝ አሉ።

ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሽሮ ጋብቻ መኖሩን አወጀ። እልልታው ከግቢው ሳይወጣ ወይዘሮ ዓመለወርቅ የውሳኔውን ግልባጭ ሁለት ጊዜ አስነበቡ። ጋብቻው የጸናው በቀበሌ መዝገብ ከተመዘገበበት ከነሐሴ 1976 ዓ.ም. ጀምሮ ነው ይላል። «ፋናስ?» አሉ። ፋና ተወልዳ ያረፈችው ከዚያ ቀን በፊት ነበር። ጠበቃቸው አቶ በኃይሉ ሕጉ ልጅን ከልጅ እንደማይለይ፣ ቀኑ በንብረቱም ሆነ በሌሎቹ ልጆች ላይ ምንም እንደማይለውጥ፣ የረታ ሰው ይግባኝ ቢል መሣቂያ እንደሚሆን በትዕግሥት አስረዷቸው። እርሳቸውም «ልጄን ደጅ አስቀርቼ እኔ ብቻዬን ልግባ?» አሏቸው። አቶ በኃይሉ ከዚያ ወዲያ ብዕራቸውን ከማንሣት በቀር ምርጫ አልነበራቸውም።

ሰፈሩ ተንጫጫ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ልትጥል ነው» አለ ሰው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ያለም ነበር። ለዚህኛው «ወረቀቱ የያዘው ስሕተት ነው፤ እኔም የማልለቀው ለዚያ ነው» ብለው መልሰዋል።

በዚያ ሰሞን ሶዶ ውስጥ የተነሣው ክርክር ከአንድ ቤት ጉዳይ አልፎ ነበር። የእነ ወይዘሮ የትምወርቅ ወገን «ፍርድ ቤት ቄስ ሆነ እንዴ? ሽማግሌና ቤተ ክርስቲያን ያላሰሩትን ትዳር ዳኛ በብዕር ያስራል? ይህ ከሥልጣን ማለፍ ነው» ይሉ ነበር። ወይዘሮ ዓመለወርቅን ለማናደድ ይህን በለቅሶ ቤት ያነሣባቸው አንድ ዘመድ ያልጠበቀውን መልስ አገኘ። «እውነታቸውን ነው» አሉት። «ዳኛ አያጋባም። አጋቡኝ ብዬም አልሄድኩም፤ ያገባሁትን አትካዱኝ ነው ያልኩት። ዳኛ የዝናብ መለኪያ ነው፤ የዘነበውን ይለካል እንጂ አያዘንብም። የመጀመሪያው የዘነበውን ካደ፣ ሁለተኛው በሌላ ቀን አዘነበ። ሁለቱም ከሥልጣናቸው አልፈዋል።» ሕግ የተማሩ ሰዎች በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ይጽፋሉ። ይህን ታሪክ የጻፈችው ልጃቸው ግን ከዚህ የተሻለ አላነበበችም።

ሰበር ሰሚው ችሎት ሐዋሳ ላይ ጉዳያቸውን ሰማ። ጋብቻን የሚያጸናው ሕዝብ ያየው ድርጊት እንጂ የመዝገብ ቀን አይደለም ብሎ፣ ትክክለኛው ቀን በማስረጃ እንዲጣራ መዝገቡን ወደ ታች መለሰው። ችግሩ ግን እዚያው ነበር። ወይዘሮ ሳህሊቱ ከድልድዩ በቀር ሌላ ዓመተ ምሕረት የላቸውም፤ የሠርጉ ሽማግሌዎችም አልፈዋል። ያን ጊዜ ወይዘሮ ዓመለወርቅ መነጽራቸውን ይዘው መዝገብ ቤት ሄዱ። ተቃዋሚያቸው ያስያዙትን ደብተሮች ማየት እንደሚፈልጉ ተናገሩ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አቶ ሰሎሞን «እማማ፣ ዝናብ ብቻ ነው እኮ» ቢሏቸው «እኔ ማንበብ የተማርኩት በዝናብ ነው» አሏቸው። ወንበር ቀረበላቸው።

ሦስት ቀን ሙሉ ዝናብ አነበቡ። አራት ሚሊ ሜትር፣ አሥራ ሁለት፣ የለም፣ የለም፣ የለም። በስድስተኛው ደብተር ነሐሴ 1973 ላይ «ሃምሳ ስምንት ሚሊ ሜትር። ድልድዩ ሄደ» የሚል አገኙ። ወይዘሮ ሳህሊቱ እውነታቸውን ነበር። ሰባተኛውን ደብተር ገለጡ። አቶ ሀብተጊዮርጊስ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ዝናብ ሳይለኩ የዋሉት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በዚያም ቀን ትይዩ በተለመደው ጥንቁቅ ጽሕፈታቸው «መስከረም 23፦ አልተለካም። ሠርጌ ነው» ብለዋል። ጥቂት ገጾች አልፎ ደግሞ «ኅዳር 9፦ ዝናብ የለም። ዓመለወርቅ ገበያ ወጣች» ይላል።

በቀብሩ ዕለት ያላለቀሱት ሴት መዝገብ ቤት ውስጥ ድምፅ አውጥተው ማልቀሳቸውን አቶ ሰሎሞን ነግረውናል። ያነበቡትን የጻፈው፣ ማንበብንም ያስተማራቸው ያው አንድ ሰው ነበር።

በየካቲት 2007 ዓ.ም. ጋብቻው ከመስከረም 23 ቀን 1974 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና መሆኑ ተወሰነ። ወይዘሮ ዓመለወርቅ የውሳኔውን ግልባጭ ይዘው በሚኒባስ ተበላ ወርደው በፋና መቃብር ላይ ከመጀመሪያው እስከ ማኅተሙ አነበቡት። ከዚያ ወዲህ ከሁምቦም ከቢጠናም ባል የሞተባቸውና ሚስት አይደላችሁም የተባሉ ሴቶች ቤታቸው ይመጡ ነበር። አስቀምጠው አስቀድመው የሚጠይቁት «ማን ያውቃችኋል? ማንስ አይቷችኋል?» ብለው ነው። የምስክር ስም ሳይዝ የሚያለቅስ ሰው ትዕግሥታቸውን ይፈታተን ነበር። ከወይዘሮ የትምወርቅ ጋር በመንገድ ሲገናኙ ሰላምታ ይለዋወጡ ነበር፤ ከዚያ ያለፈ ፍቅር ነበራቸው ብሎ መጻፍ ውሸት ይሆናል።

ወይዘሮ ዓመለወርቅ ባደረባቸው የስኳር ሕመም ለአራት ዓመታት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ በትንሣኤ በሦስተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል።

ካረፉ በኋላ ሣጥናቸው ሲከፈት የባለቤታቸው የቀብር ዕለት ጽሑፍ ተጣጥፎ ተገኝቷል። «የሁለት ልጆች አባት» የሚለው በብዕር ተሰርዟል። በላዩም በእርሳቸው የእጅ ጽሕፈት «መስከረም 23 ቀን 1974 ዓ.ም. ከወይዘሮ ዓመለወርቅ ጩማ ጋር ተጋብተው ፋናን፣ ሐመልማልንና ታምራትን ወልደዋል» ተብሎ ተጽፏል። ያን ቀን ሳይነበብ የቀረው ይኸው ዛሬ ተነበበ።

ወይዘሮ ዓመለወርቅ ጩማ መምህርት ሐመልማል ሀብተጊዮርጊስንና በቢጠና በጤና ባለሙያነት የሚሠራውን ታምራት ሀብተጊዮርጊስን፣ የልጅ ልጆቻቸውን ባርኮትንና ቢኒን፣ ወንድማቸውን አቶ መልካሙ ጩማን፣ እንዲሁም የባለቤታቸውን እህት ወይዘሮ የትምወርቅ ሰብስቤን ትተው አልፈዋል። ለማስታመምም ለመቅበርም የደከማችሁትን ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ማንም ማንንም በማይክድበት ቤት ያሳርፍልን፤ ለልጆቻቸውም ጽናታቸውን ያውርስልን።

ሥርዓተ ቀብራቸው የሚፈጸመው ለአሥራ አራት ዓመታት ባዶ ሆኖ በጠበቃቸው ቦታ፣ ከአቶ ሀብተጊዮርጊስ በስተቀኝ ነው።

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ሰብስቤ ሆይ፣ ባለቤትዎ መጥተዋል።