ስምንት ሲቀር

የካቲት 4

ነፋሱ ዛሬም ጥላዬን ገለበጠው። ሁለት ማመልከቻ፣ አንድ ውክልና። አንዲት ሴት ደግሞ ለአማቷ የማስታረቂያ ደብዳቤ አስጽፋ፣ ሦስቴ አስነብባ፣ "ስድቡን አለስልሰው" ብላ ሄደች። ፍርድ ቤቱ በር ላይ መጻፍ ከጀመርኩ አራት ዓመቴ። "ጋሽ ሰይፈ ጋ አስጽፉ፣ ጽሑፉ ያምራል" ይላል የጅግጅጋ ሰው። ይበል።

ከሰዓት አንድ ሰው መጣ። ጉሌድ ይባላል፣ የሒሳብ መምህር ነው። ብዕር መያዝ አይችልም፣ ጣቶቹ አይታጠፉም። ሻይ የምትሸጠው ኬሪያ ብርጭቆውን ግማሽ ብቻ ሞላችለት፣ እንዳይፈስበት። በሁለት መዳፉ መሃል አጣብቆ ጠጣ። ለሕክምና አዲስ አበባ እንዲልኩት ማመልከቻ ይፈልጋል።

"እጅህ ምን ሆኖ ነው ልበል?"

"ረጅም ነው ጋሼ። ነገ ልምጣ።"

እሺ አልኩት። ሩዝ በልቼ ገባሁ።

የካቲት 5

እሱ እየተናገረ እኔ ጻፍኩ። "በ2009 ዓ.ም. ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ተወስጄ... ያለ ፍርድ አሥራ አንድ ወር..." የታሰረበትን ግቢ ጠራ። ያንን ግቢ። ሦስተኛውን ክፍል ጠራ። "እጆቼ ወደ ኋላ ታስረው ተሰቅዬ..." "ተሰቅዬ" ብዬ ጻፍኩ። ፊደሌ አልተበላሸም። መበላሸት አልነበረበትም?

የሰቀልኩት እኔ ነኝ።

አንድ ጊዜ እዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ። የሦስተኛው ክፍል መርማሪ ነበርኩ። ሦስት ዓመት። በ2010 መጨረሻ ግቢው ሲዘጋ ሁላችንም በየፊናችን ተበተንን። እስረኞቹ "ዋራቤ" ይሉኝ ነበር፣ ጅብ ማለት ነው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። እኔም ጅግጅጋ መጥቼ ጥላ ዘረጋሁ።

ፊቴን አያውቅም። ዓይኑ ሁልጊዜ በሽርጥ ቁራጭ የታሰረ ነበር። ድምፄንም አያውቅም። በ2012 እንቅርቴን ሲያወጡልኝ ድምፄ አብሮ ሄደ፣ አሁን የማወራው በሹክሹክታ ነው።

"የሰቀለህ ሰው ስም?" አልኩት። ምን አስጠየቀኝ?

"ማን ያውቀዋል? ማንነቱ ያልታወቀ ግለሰብ በለው።"

እንዳለኝ ጻፍኩ።

የካቲት 6

ማመልከቻው አልቋል። "ገና ነው፣ አርመዋለሁ፣ ሰኞ ና" ብዬ አስቀረሁት። ለምን?

የካቲት 9

ቅዳሜ። ቤት ዋልኩ።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ደብተራው አጎቴ ኮከቤን ቆጠረ። ስሜንና የእናቴን ስም ፊደል በፊደል ደምሮ በአሥራ ሁለት ገደፈው። ስምንት ቀረ። ስምንት አቅራብ ነው፣ ጊንጥ። "ይሄ ልጅ ይነድፋል" አላት እናቴን እየሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ከዚያ በኋላ ታናሼን በደበደብኩት ቁጥር "ምን ያድርግ፣ ኮከቡ ነው" ትላለች። እሰማታለሁ። ፈቃድ ያገኘሁ ይመስለኝ ነበር።

ግቢው ውስጥም ከሁሉ በፊት የምጠይቀው የእናት ስም ነው። አባትህ ማን ነው ብትላቸው እስከ አሥር አያት ይቆጥሩልሃል፣ ለዚያ ተዘጋጅተዋል። እናትህስ ስትላቸው ይደነግጣሉ። ከዚያ እቆጥራለሁ። ሐመል ከወጣ እሳት ነው፣ ይቆጣል፣ አስቆጣው። ሑት ከወጣ ውሃ ነው፣ ዝም ይላል፣ ብቻውን ተወው። አለቆቼ ይስቁብኝ ነበር። የእምነት ቃል ስለማወጣላቸው ግን አልከለከሉኝም።

ለኔ ቀልድ አልነበረም። እሱ ሊሰቀል፣ እኔ ልሰቅል፣ ሁሉም ከላይ የተጻፈ ነው ብዬ ነው የኖርኩት። ያንን ካላመንኩ በምን ልተኛ?

የጉሌድ ኮከብ ምን ነበር? ረሳሁት። ለመነደፍ የተፈጠረ ከሆነ... እሱም አልመረጠም፣ እኔም አልመረጥኩም። ያኔ ጭራቅ አይደለሁም፣ አለንጋ ነኝ። አለንጋ ይጠየቃል? የያዘው እንጂ።

የእናቱን ስም ማወቅ አለብኝ።

የካቲት 11

ነፋሱ የኬሪያን ሁለት ብርጭቆ ሰበረ። "ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው፣ ምን ይደረጋል" አለች፣ ስባሪውን እየለቀመች። ጉሌድ ሳቅ አለ። "ቀደርስ አለ። ጠርዝ ላይ ያስቀመጥሻቸው ግን አንቺ ነሽ።"

"ውይ መምህር! ደግሞ አንተም ፍረድብኝ!"

እኔ አልሳቅኩም። ወረቀቱን እያየሁ እንደ ዋዛ ጠየቅኩት። "የእናትህ ስም ማን ነው?"

"ማመልከቻው ውስጥ ይገባል?"

"ይገባል።" ውሸቴን ነው።

"ሀሊሞ።"

እዚያው አጎንብሼ ቆጠርኩ። ቀና ስል ሻዩን ሳይጨርስ ተነስቷል። ሰላም ዋሉ እንኳ ሳይል መንገዱን ተሻገረ። ማመልከቻውንም አልወሰደም። ምን ነካው?

ቤት ገብቼ በወረቀት ደገምኩት። ጉሌድ፣ ሀሊሞ። በአሥራ ሁለት ገደፍኩ። ስምንት። እንደገና። ስምንት።

አቅራብ። እንደኔ።

የካቲት 13

አልመጣም።

አንድ ኮከብ። እሱ ለልጆች ክፍልፋይ ያስተምራል። ግማሽ ብርጭቆ ሻይ ለሰጠችው ሁለቴ ያመሰግናል። እኔ ግን... አጎቴ ተሳስቶ ይሆን? ከተሳሳተ ያን ሁሉ ያደረገው ማነው? ካልተሳሳተስ ጉሌድ ለምን አልነደፈም?

የካቲት 15

ዛሬም የለም። ኬሪያ "መምህሩን አስቀየምከው እንዴ?" አለችኝ። ማዶ የሚኒባስ ረዳቱ "ሐረር! አንድ ሰው! ሐረር!" ይላል። አንድ ሰው። ጥላዬን አጥፌ ተነስቼ ነበር። መንገዱ መሃል ደርሼ ተመለስኩ። ድፍረት እንዳይመስለኝ። እግሬ ሄዶ ሄዶ የሚያርፍበት ቦታ አጣሁለት፣ ያ ነው።

የካቲት 18

መጣ። ኬሪያ ሰላም ስትለው አልመለሰላትም። በርጩማውን በእግሩ ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

"ምን ነበር የምትቆጥረው?" አለኝ።

ወዲያው ገባኝ። "ምኑን?" ልል እችል ነበር። አላልኩም።

"የእናት ስም ባንክም ይጠይቃል፣ መታወቂያ ስታወጣም ይጠይቃሉ" አለ። "ጠይቆ ሲያበቃ በከንፈሩ እያጉተመተመ የሚቆጥር ግን አንድ ሰው ነው የማውቀው። ዓይኔ ታስሮ ነው የሰማሁት። እዚህ ደግሞ ዓይኔ ሳይታሰር ሰማሁት። አንድ ሳምንት ከቤት አልወጣሁም።"

ለካ ድምፅ አውጥቼ እቆጥራለሁ። በሃምሳ ዓመቴ ዛሬ አወቅኩ።

"ሰባት ዓመት ሳስብ ኖርኩ። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ እኮ! ዱላውን ነው የሚቆጥረው እል ነበር። አንዳንዴ የቀረኝን ቀን ነው እል ነበር። ምን ነበር?"

"ኮከብ" አልኩት።

ነገርኩት። አጎቴን፣ አሥራ ሁለቱን ኮከቦች፣ ስምንት ሲቀር የሚሆነውን። ድምፄ ስለማይወጣ ጎንበስ ብሎ ሰማኝ። ሲገባው ሳቀ። ያንን ሳቅ ዳግም አያሰማኝ።

"ለዚህ? ወላሂ፣ ለዚህ?" ቆይቶ፣ "የኔ ምን ወጣ?"

"አቅራብ።"

"ያንተስ?"

"አቅራብ።"

 ከዚያ ረጋ ብሎ፣ ክፍል ውስጥ እንደሚያስረዳ ሰው ተናገረ። "ስልሳ ተማሪ አለኝ። በአሥራ ሁለት አካፍለው። አምስቱ አቅራብ ናቸው። እነዚያን አምስት ልጆች ዛሬ ሄጄ አስሬ ልስቀላቸው?"

ወረቀቱን አገላበጥኩ።

"ስማ ዋርያ፣ ኮከብህ አይደለም። አንተ ነህ።"

ማመልከቻውን አውጣ አለኝ። አወጣሁ። "ማንነቱ ያልታወቀ የሚለውን ሰርዝ" አለ። ሰረዝኩ። "ጻፍ።" ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩ። ቀለሙ ተዝረከረከ። እንደዚያ ያለ መጥፎ ጽሑፍ ጽፌ አላውቅም።

የካቲት 19

"ፖሊስ ጋ እንሂድ" አልኩት ራሴ። ለጽድቅ አይደለም። ደክሞኛል።

"ትሄዳለህ። በፊት ግን ሥራ አለህ።" እናቱ ሀሊሞ እሱ ያለበትን ሳታውቅ ነው የሞተችው። ከቢሮ ቢሮ ስትዞር፣ በር ላይ ፀሐይ ሲመታት። ሲፈታ ያሳዩት መቃብሯን ነው። "ከኛ ክፍል ወጥተው ያልተመለሱ ነበሩ" አለ። "የት እንዳሉ ታውቃለህ?"

አውቃለሁ። እያንዳንዳቸው የት እንደተቀበሩ አውቃለሁ። የልጆቹ ስም ከራሴ ጠፍቷል። የሀሊሞን እንኳ ረስቼ የነዚህ እናቶች ግን አልጠፋም፣ ልጆቹ ከሞቱ በኋላም እየደጋገምኩ ስለቆጠርኳቸው ይሆናል። ሰባት ስም ጻፍኩለት። ልጆቹን እሱ ያውቃቸዋል፣ አብረውት ተኝተዋል። የሱንና የኔን ስናገጣጥም ሰባቱም ተገኙ።

"ፖሊስ አይሸሽም" አለ። "እናቶች ግን እያረጁ ነው።"

የካቲት 26

የመጀመሪያዋ እናት ያለችው ቀብሪበያ ነው። ዐናብ ትባላለች። ልጇ ማሃድ፣ የፍየል ነጋዴ ነበር። ሌላ ልጇ ጋ ሸደር ሄዳለች፣ ለረመዳን ትመለሳለች አሉት ጉሌድን። እንጠብቃት አለ።

ፈርቻለሁ። ቢገድሉኝስ? ቢገድሉኝ ይቀለኝ ነበር... ይሄንንም ለራሴ ብዬ ነው። ዘንድሮም ስለራሴ ነው የማስበው።

መጋቢት 5

ሐሙስ። ከሰዓት በሚኒባስ ሄድን። ተሳፋሪው ሁሉ ጾመኛ ነው፣ ማንም አያወራም። መንገዱን ሙሉ መልስ ሳዘጋጅ ነበር። ለምን ገደልከው ብትለኝ። ማን አዘዘህ ብትለኝ።

ዐናብ አጭር ናት፣ አንድ ዓይኗን ሞራ ሸፍኖታል። እንግዳ ናቸው ብላ ምንጣፍ አነጠፈችልን። ጉሌድ በሶማሊኛ ነገራት። ማሃድ የሚለውን ሰማሁ። ዋራቤ የሚለውንም ሰማሁ። ታናሽ ልጇ ጃማ ዘሎ ተነሳ። በእጇ ብቻ ተቀመጥ አለችው፣ ተቀመጠ። እኔን ግን ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

ቦታውን ተናገርኩ። ከግቢው ጀርባ፣ ከውሃ ታንከሩ አለፍ ብሎ፣ ሁለቱ ግራሮች መሃል። ጉሌድ ተረጎመ። ጃማ ስልኩ ላይ ጻፈው፣ ጣቱ እየሳተ።

ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀች። ጉሌድ እንደገና አስደግሟት ወደኔ ዞረ።

"ሲሞት ውሃ ጠጥቶ ነበር ወይ? ትልሃለች።"

ለዚህ አልተዘጋጀሁም። ሶማሊኛ አልችልም፣ ቢዮ ውሃ መሆኑን ግን ያወቅኩት ከማሃድ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ቢዮ ብሏል። ጆጉ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ጠጥቷል ብላት ማን ያውቃል? ጉሌድም አያውቅ። ደስም ይላት ነበር።

"አልጠጣም" አልኩ። "ለምኖኝ ነበር። አልሰጠሁትም።"

ጉሌድ ተረጎመ። ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።  ፍየሎቹ ገቡ፣ ጃማ አሰራቸው፣ ፀሐይዋ ወረደች፣ ማንም ከቦታው አልተነሳም። እኔም ሂድ እስክባል ተቀመጥኩ። ሂድ ያለኝ የለም።

አዛን አለ። ጃማ ተምርና ውሃ አመጣ። ለእናቱ ቢሰጣት አልያዘችም። ለጉሌድ ቀዳለት። ብርጭቆውን ሊሰበስብ ሲል ዐናብ ሻሿን ገልጣ አንድ ቃል ተናገረችው። ጃማ ቆመ፣ ጥርሱን ነከሰ። ደግማ ተናገረችው። ከዚያ ብርጭቆውን እስከ አፉ ውሃ ሞልቶ ፊቴ አስቀመጠው።

"ጠጣ ትልሃለች" አለ ጉሌድ።

ጠጣሁ። እስክጨርስ ድረስ ዓይኗን ከኔ አላነሳችም።